በተራራ ራስ ላይ ያለች ትንሽ ነፃ አገር
(ስለ ሳን ማሪኖ ታሪክ)

የዓለምን ካርታ ዘርግተን ስንመለከት ዓይናችንን ቶሎ የሚስቡት ሰፋፊዎቹ አገሮች ናቸው። ሩስያ፥ ካናዳ፥ ቻይናና ብራዚል ገጹን ሞልተው ይታያሉ። የታሪክ መጻሕፍትም ቢሆኑ አብዛኛውን ቦታ የሚሰጡት ብዙ ጦር ላሰለፉና ብዙ አገር ለያዙ መንግሥታት ነው። ነገር ግን ስሟን ለመጻፍ እንኳ ክልሏ የማይበቃ፥ ስለዚህም በብዙ ካርታ ላይ ስሟ ከወሰንዋ ወጥቶ የሚጻፍላት አንዲት ነፃ አገር አለች። ይህችም ሳን ማሪኖ ናት።

እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለዚህች አገር ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው ትንሽነቷ ስላስገረመን ብቻ አይደለም። በዙሪያዋ የነበሩት ታላላቅ መንግሥታት ሲነሡና ሲወድቁ እርሷ እንዴት ልትኖር ቻለች? የሚለው ጥያቄ ስላሳሰበን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

አቀማመጧና ስፋቷ

ሳን ማሪኖ የምትገኘው በኢጣልያ አገር ውስጥ፥ ከአድርያቲክ ባሕር ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ሪሚኒ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ነው። ዙሪያዋን የከበባት አንድ መንግሥት ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ኢጣልያ ነው። እንዲህ ባንድ አገር መካከል ተከብበው የሚኖሩ ነፃ መንግሥታት በዓለም ላይ ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሳን ማሪኖ፥ ቫቲካንና በአፍሪካችን ያለችው ሌሶቶ ናቸው።

ስፋቷ 61 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ለመገመት የአዲስ አበባ ከተማ ክልል ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል፤ ስምንት ሳን ማሪኖዎች በአዲስ አበባ ውስጥ ሊያርፉ ይችላሉ ማለት ነው። ሕዝቧም 34 ሺህ ያህል ነው። በስፋት ከእርሷ የሚያንሱት ነፃ አገሮች ቫቲካን፥ ሞናኮ፥ ናውሩና ቱቫሉ ብቻ ናቸው። ማልዶ የተነሣ ብርቱ እግረኛ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የምሳውን ሰዓት ኢጣልያ ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል።

በአገሪቱ መካከል ቲታኖ የሚባል፥ ቁመቱ ከ700 ሜትር የሚበልጥ ገደላማ ተራራ ቆሟል። በተራራው ሦስት ጫፎች ላይ ሦስት የጥንት ግንቦች ይታያሉ። እነዚህ ግንቦች በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ተሥለዋል፤ ከሥራቸውም «ነፃነት» ማለት የሆነ አንድ የላቲን ቃል ተጽፏል። የዓለም የቅርስ ድርጅት የሆነው ዩኔስኮ ተራራውንና የከተማዋን መካከል በ2008 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል።

ድንጋይ ጠራቢው

ብዙ አገሮች መሥራቻችን ነው ብለው የሚጠሩት ንጉሥን ወይም የጦር አለቃን ነው። የሳን ማሪኖ ሰዎች ግን አገራችንን የመሠረታት ድንጋይ ጠራቢ ነው ይላሉ። ባህላቸው እንደሚተርከው ማሪኖስ የሚባል ክርስቲያን አርቤ ከምትባል የአድርያቲክ ደሴት ተነሥቶ በግንብ ሥራ ለመቀጠር ወደ ሪሚኒ መጣ። ዘመኑም የሮማው ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ያሳድድ የነበረበት ነው። ይህ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ዘመነ ሰማዕታት የሚሉት የእርሱን ዘመን ነውና። ማሪኖስም ከስደቱ ሸሽቶ ቲታኖ ተራራ ላይ ወጣና በዚያ ተቀመጠ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የተራራው ባለቤት የነበረችው እመቤትም ልጇ ከሕመሙ ስለ ዳነላት ተራራውን ለማሪኖስ ሰጠችው ይባላል። አገሪቱ የተመሠረተችበት ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ በየዓመቱ የሚከበረው መስከረም 3 ቀን ሲሆን፥ ዓመቱም 301 ነው ይላሉ።

ይህ ከጽሑፍ ማስረጃ ይልቅ በአፈ ታሪክ የቆመ መሆኑን መናገር ይገባል። ሆኖም አፈ ታሪክም ቢሆን አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ ያሳያል። ማሪኖስ ሲሞት ለተከታዮቹ ያወረሳቸው ወርቅ ወይም መሬት ሳይሆን ከሁለት ሰዎች፥ ማለት ከቄሣሩና ከጳጳሱ፥ ነፃ ሆነው መኖርን ነው ብለው ያስተምራሉ። እንግዲህ የዚህች አገር ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምረው የሚሰሙት አገራቸው የተሳዳጅ መጠጊያ ሆና እንደ ተጀመረች ነው። ይህን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ስድስት ወር ብቻ የሚሾሙ መሪዎች

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የአስተዳደሯ ሥርዓት ነው። ሳን ማሪኖ ንጉሥ ኖሯት አያውቅም፤ ፕሬዚዳንትም የላትም። የአገሪቱ ርእሳነ ብሔር ሁለት ሰዎች ሲሆኑ እኩል ሥልጣን አላቸው፤ አንዱ የወሰነውን ሌላው ሊከለክለው ይችላል። የሥራቸውም ዘመን ስድስት ወር ብቻ ነው። አንዱ ጥንድ ሚያዝያ 1 ቀን ይሾማል፤ ጥቅምት 1 ቀን ይሻርና ሌላ ጥንድ ይተካል። የተሻረውም ሰው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ሊመረጥ አይችልም። በመዝገብ ስማቸው የሚታወቀው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሹማምንት የተሾሙት በ1243 ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያለውን በሒሳብ ብናስበው ከ1,500 በላይ ሹም ሽር ይሆናል።

በእኛ አገር ለተሾመ ሰው «ሹመት ያዳብር» ብሎ መመረቅ የተለመደ ነው። በሳን ማሪኖ ግን ሹመቱ እንዳይዳብር ሕግ አስቀድሞ አጥሯል። ደግሞም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል የቆየ አባባል አለን። የሳን ማሪኖ ሰዎች ይህን የሰው ጠባይ አስቀድመው ያወቁ ይመስላል። መሪዎቹ ሥራቸውን ባስረከቡ ጊዜ ማናቸውም ዜጋ በሥልጣን ዘመናቸው ስለ ሠሩት ወይም መሥራት ሲገባቸው ስለ ተዉት ነገር አቤቱታ ሊያቀርብባቸው ይችላል፤ ዳኞችም ይመረምሩታል። እንዲሁም አዲሶቹ መሪዎች ከተሾሙ በኋላ በሚውለው የመጀመሪያ እሑድ ዜጎች ስለ አገር ጥቅም የሚያስቡትን በጽሑፍ የማቅረብ መብት አላቸው፤ ምክር ቤቱም ለቀረበው ሁሉ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ሕግ የሚያወጣው 60 አባሎች ያሉት ታላቁ ምክር ቤት ነው። የሕጋቸው መሠረት የሆነው በላቲን የተጻፈ መጽሐፍ በ1600 የጸና ሲሆን ስድስት ክፍሎች አሉት። በሞት ቅጣትም ረገድ ከብዙዎች ቀድመዋል። የመጨረሻው የሞት ፍርድ የተፈጸመው በ1468 ነው፤ ቅጣቱም በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1865 ነው።

ነፃነቷን የነጠቁባት ጊዜያት

ይህን ስንል ሳን ማሪኖ ያለ ፈተና ኖራለች ማለታችን አይደለም። በ1503 ቼዛሬ ቦርጂያ የሚባለው ኃይለኛ መስፍን በጦር ይዟት ጥቂት ወራት ገዝቷታል፤ ኃይሉ ሲደክም እርሷም ነፃ ወጣች። ሁለተኛው ፈተና የመጣው በ1739 ነው። በጥቅምት ወር ካርዲናል አልቤሮኒ ወታደሮች አስከትሎ ገባና አገሪቱን ከጳጳሱ ግዛት ጋር አዋሐዳት። ሹማምንቱንና ታላላቆቹን በቤተ ክርስቲያን ሰብስቦ የታማኝነት መሐላ እንዲምሉ አዘዘ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በጦር ተከብበው ሳሉ ለአዲሱ ጌታ አንምልም፥ የምናውቀው ሳን ማሪኖን ብቻ ነው አሉ።

ጦር ያልነበራቸው ሰዎች ያደረጉት ሌላ አይደለም፤ በደላቸውን ጽፈው ሮም ላለው ጳጳስ ላኩ። ጳጳሱ ክሌመንት 12ኛም መርማሪ ልኮ የሕዝቡን ፈቃድ ካስጠየቀ በኋላ በየካቲት 5 ቀን 1740 ነፃነታቸውን መለሰላቸው። ይህ ቀን እስከ ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው። እንግዲህ አንድ ትንሽ ሕዝብ መብቱን ጽፎ መያዙና ለመናገር አለመፍራቱ እንደ ምሽግ ሊያገለግለው እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ያልተቀበሉት ስጦታ

አሁን ከታሪኳ ሁሉ ትልቁ ነው ወደምንለው ደረስን። በ1797 ናፖሊዮን ቦናፓርት ኢጣልያን እየወረረ ሳለ ጦሩ ወደ ቲታኖ ተራራ አካባቢ ደረሰ። ያን ጊዜ የጥንት መንግሥታት እንደ ሸክላ ይሰባበሩ ነበር። ናፖሊዮን ግን ሳን ማሪኖን አልነካትም፤ ጥንታዊት ሪፑብሊክ ናት ብሎ አከበራት እንጂ። በየካቲት ወርም የጂኦሜትሪ ሊቅ የነበረውን ጋስፓር ሞንዥን መልእክተኛ አድርጎ ላከባትና ከጐረቤቶቻችሁ መሬት ጨምሬ ወሰናችሁን ላስፋላችሁ አላት።

በጊዜው ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው አንቶኒዮ ኦኖፍሪ ነው። የሳን ማሪኖ ሰዎችም መክረው ወዳጅነቱን በምስጋና ተቀበሉ፤ መሬቱን ግን አልፈለጉም። የመልሳቸውም ፍሬ ነገር በትንሽነታችን ረክተናል፥ የሌላውን መመኘት ነፃነታችንን ያሳጣናል የሚል ነበር።

ይህን ነገር ረጋ ብለን እናስበው። እርሻቸው ጠባብ፥ አገራቸው ገደል ነበር። የሚሰጣቸውም ሰው በዘመኑ ከማንም የበረታ ነበር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወርቁ በእጅ ላይ ሲቀመጥ ግን መልሶ መስጠት ቀላል አይደለም። እነርሱ መለሱት። ከ18 ዓመት በኋላ፥ በ1815፥ ናፖሊዮን ወደቀ። የአውሮፓ ነገሥታት በቪየና ተሰብስበው እርሱ የለዋወጠውን ወሰን ሁሉ ሲያፈርሱና ሲያስተካክሉ ከሳን ማሪኖ የሚያስመልሱት ምንም ነገር አላገኙም። ነፃነቷም እንደ ቀድሞው ጸና። ያን ጊዜ የጐረቤቶቿን መሬት ተቀብላ ቢሆን ኖሮ ቂመኛ ባለ ርስቶች ከአራት ማዕዘን ይነሡባት ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ወሰንዋ በ1463 የተተከለ ሲሆን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

መጠጊያ የሆነች ተራራ

ከላይ እንዳመለከትነው ይህች አገር ራሷን የምታውቀው የተሳዳጅ መጠጊያ አድርጋ ነው። ታሪኩም ይህን ሁለት ጊዜ መስክሯል።

የመጀመሪያው በ1849 ነው። ለኢጣልያ አንድነት ይዋጋ የነበረው ጋሪባልዲ በሮም ድል ከሆነ በኋላ የኦስትርያ ጦር እያሳደደው በሐምሌ 31 ቀን ከቀሩት ወታደሮቹ ጋር ሳን ማሪኖ ደረሰ። ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ የነበረችው ሚስቱ አኒታም አብራው ነበረች። እርሱን ማስጠጋት የኦስትርያን ቍጣ መጥራት ነበር። ሆኖም መሪዎቹ አስገቡት። ጋሪባልዲም በዚያ ጦሩን አሰናበተና በሌሊት ጥቂት ተከታዮች ይዞ ወደ ባሕሩ አመለጠ። አኒታ ከጥቂት ቀናት በኋላ በመንገድ ሞተች። እርሱ ግን በሕይወት ተርፎ የኢጣልያ መንግሥታት በ1861 አንድ እንዲሆኑ ከረዱት ሰዎች ዋነኛው ሆነ። ሌሎቹ ትንንሽ መንግሥታት ሁሉ በአዲሱ መንግሥት ሲዋጡ ሳን ማሪኖ ብቻዋን ቀረች፤ በ1862ም ከኢጣልያ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመች። ያን ሌሊት የተደረገው ቸርነት ለዚህ እንደ ጠቀማት ይነገራል። በዚያው በ1861 የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን የክብር ዜጋ አድርጋው ነበር። እርሱም አገራችሁ ትንሽ ብትሆን በታሪክ ከተከበሩት አንዷ ናት የሚል ሐሳብ ያለበት የምስጋና ደብዳቤ ጽፎላታል።

ሁለተኛው ምስክር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነው ነው። በ1944 የጦሩ ግንባር ወደ ሪሚኒ ሲቃረብ የአካባቢው ሕዝብ ቤቱን እየጣለ ወደ ተራራዋ ጐረፈ። የአገሬው ሕዝብ በዚያን ጊዜ 15 ሺህ ያህል ብቻ ነበር፤ የተቀበላቸው ስደተኞች ግን ወደ 100 ሺህ ይደርሱ ነበር። ለአንድ ሰው ስድስት ወይም ሰባት እንግዳ ማለት ነው። በ1932 ከሪሚኒ የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር በጦርነቱ ሥራውን ስላቆመ የባቡሩ ዋሻዎች የስደተኞች ቤት ሆኑ። ሳን ማሪኖ በጦርነቱ ገለልተኛ ሆና ሳለ በሰኔ 26 ቀን 1944 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውባት ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ይህም ሁሉ ሆኖ በሯን አልዘጋችም።

ሥርዓቱ የጐደለበት

የታሪክ ጸሐፊ የሚያወድሰውን ብቻ መርጦ ቢጽፍ ለአንባቢው ታማኝ አይሆንም። ስለዚህ የዚህችን አገር ጉድለት ደግሞ እንናገራለን።

በጥንት ጊዜ የየቤቱ አባወራዎች በአንድ ጉባኤ ተሰብስበው ይመክሩ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሥልጣኑ በጥቂት ቤተ ሰቦች እጅ ገባ፤ የምክር ቤቱም አባሎች ራሳቸው ተተኪያቸውን የሚመርጡ ሆኑ። ይህ የቀረው በመጋቢት 25 ቀን 1906 አባወራዎቹ እንደ ጥንቱ ተሰብስበው ምክር ቤቱ በሕዝብ እንዲመረጥ በወሰኑ ጊዜ ነው። ከዚያም በ1923 የፋሺስት ፓርቲ ሥልጣን ያዘና እስከ 1943 ቆየ። በእነዚያ 20 ዓመታት መሪዎቹ በየስድስት ወሩ መለወጣቸው አልቀረም፤ ነገር ግን የሚሾሙት ሁሉ ከአንድ ወገን ስለ ነበሩ ሰዎቹ ይለወጡ እንጂ ሥልጣኑ አልተለወጠም። ስለዚህ ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን እንዳልበቃ ልብ ማለት ያሻል።

በ1957 ደግሞ ምክር ቤቱ እኩል በሚያህል ድምፅ ስለ ተከፈለ ሁለት መንግሥት ነን ባዮች ተነሡ፤ አንደኛው ወገን በኢጣልያ ወሰን አጠገብ ሮቬሬታ በምትባል መንደር ባልተሠራበት የፋብሪካ ቤት ውስጥ ጽሕፈት ቤቱን ከፈተ። ሁለቱም ወገኖች የታጠቁ ሰዎች ነበሯቸው። ነገር ግን ጠቡ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ያለ ደም መፋሰስ አለቀ።

የሴቶችም መብት ዘግይቶ ነው የመጣው። ሴቶች እንዲመርጡ በ1959 ተፈቀደ፤ ድምፅ የሰጡትም መጀመሪያ በ1964 ነው፤ ለመመረጥ የተፈቀደላቸው ደግሞ በ1973 ነው። ማሪያ ሌአ ፔዲኒ አንጀሊኒ በ1981 የመጀመሪያዋ ሴት ርእሰ ብሔር ሆና ተሾመች። ይህ ሁሉ ዘመን ግማሹን ሕዝብ ከምክር ውጭ አድርጎ ነፃ ነን ማለት ምን ያህል ጐደሎ እንደ ነበር ለእኛ ለተማሪዎች ግልጽ ነው።

በዛሬው ዘመን

ሳን ማሪኖ በ1992 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆናለች። በዚያ ጉባኤ ላይ እርሷም አንድ ድምፅ አላት፤ ሩስያም አንድ ድምፅ አላት። ከ1877 ጀምሮ የምታሳትመው የፖስታ ቴምብር በቴምብር ሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ስፖርት ለሚወዱ ጓደኞቻችንም የሚሆን ታሪክ አላት። ለ2020 ታስቦ በ2021 በቶክዮ በተደረገው ኦሊምፒክ አምስት ስፖርተኞች ልካ ሦስቱ ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ። የመጀመሪያውን ያገኘችው በዒላማ ተኩስ የተወዳደረችው አሌሳንድራ ፔሪሊ ናት። በሕዝብ ቍጥር ከሳን ማሪኖ ያነሰች ሌላ አገር እስከዚያ ጊዜ ድረስ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላገኘችም ነበር። የእግር ኳስ ቡድኗ ግን ከ2004 በኋላ 20 ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፍ ቆየ። በየጊዜው እየተሸነፈ በየጊዜው ይሰለፍ ነበር። በመስከረም 2024 ሊክተንስታይንን 1 ለ 0 ባሸነፈ ጊዜ ሕዝቧ የተሰማውን ደስታ መገመት አያዳግትም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ጠየቅነው እንመለስ። ሳን ማሪኖ እንዴት ልትኖር ቻለች? ተራራዋ ረድቷታል፤ ዕድልም አልተለያትም፤ ድሃ መሆኗም ለወራሪ አላስጐመጃትም። እነዚህን አንክድም። ነገር ግን ተራራ ላይ የነበሩ፥ ድሃም የነበሩ ብዙ ትንንሽ መንግሥታት ዛሬ ስማቸው እንኳ አይታወቅም። እርሷን ከእነዚያ የለያት ሦስት ነገር ይመስለናል። አንደኛ፥ ሹሞቿ ሥልጣንን እንደ ርስት ሳይሆን እንደ ተራ ሥራ ተቀብለው ጊዜው ሲደርስ ያስረክባሉ። ሁለተኛ፥ የሌላውን መሬት ሲሰጧት እንኳ አልተቀበለችም። ሦስተኛ፥ የተቸገረ ሰው በደጅዋ ሲቆም የሚያስከትለውን ጣጣ ሳትሰላ አስገብታለች።

አገራችን ሰፊ፥ ሕዝባችንም ብዙ ነው፤ ስለዚህ የሳን ማሪኖን ሥርዓት እንዳለ ቀድተን እንያዝ አንልም። ነገር ግን ውድ ጓደኞቻችን፥ በየክፍላችን አለቃ፥ በየክበባችን ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ ሆነን የምንመረጥ ነን። ነገ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አደራ ይጠብቀናል። ጊዜያችን ሲያበቃ መዝገቡን አስተካክለን፥ ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ ሰጥተን፥ ለሚቀጥለው ሰው በደስታ ማስረከብን ከአሁኑ ብንለማመድ ከዚህች ትንሽ አገር የተማርነው ትልቅ ትምህርት ይሆናል።